ዘጠነኛው ጠብታ

ከምሽቱ አራት ሰዓት። ሆባርት፣ ሦስተኛው ፎቅ።
የደቡቡ ነፋስ መስኮት ሲነቀንቅ፣
ክላይቭ ሃርዊን ብርድ ብርድ ብሎት ይንቀጠቀጣል፤
ብርድ ልብስ ደረብኩ፣ ሌላም ደረብኩ፣ አልጋው ይንቋቋል።

ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ፖም ገራዥ፣ ፖም ተካይ፤
አርባ በጋ የዋለ ያለ ባርኔጣ በጠራራ ፀሐይ።
ጀርባው ላይ የበቀለች ነጥብ፣ ከምስር የማትበልጥ፣
ሳንባው ውስጥ ሰባት ወልዳ ተገኘች፣ ሰው ሳያያት፣ ሳታምጥ።

እኔ የማታ ነርስ ነኝ፤ ሥራዬ ቁጥር መጻፍ ነው፤
ትኩሳት፣ የደም ግፊት፣ ሽንቱ በሰዓት ስንት እንደሆነው።

«ኢንተርሉኪን ሁለት» ይላል የብልቃጡ ወረቀት።
«አንደኛውስ የት ሄደ?» አለኝ ሰኞ ዕለት፣
ገና መሳቅ ሲችል፣ ከንፈሩ ሳይሰነጠቅ።
ነገርኩት የማውቀውን፣ መርፌውን ሳዘጋጅ፣ ሳልጣደፍ፣ ሳልራቀቅ፦

መቶ ሠላሳ ሦስት ቅንጣት በአንድ ክር የተሰካ፣
ዶቃ ይመስላል፤ ዶቃ አይደለም፤ ቃል ነው ለካ።
አንዲት ነጭ ሴል ጠላቷን የለየች ዕለት
ትተነፍሰዋለች፤ የምትሰማውም ራሷ ናት።
የገዛ ድምፅዋን ሰምታ ለሁለት ትከፈላለች፤
ሁለቷ አራት፣ አራቷ ስምንት ሆና ታድራለች።
ቃሉም «ብዙ» ነው።
«ብዙ» ቁጥር ነው፤
«ብዙ» ትእዛዝ ነው።

«ታዲያ የእኔዎቹ ዲዳ ናቸው?» አለ።
ዲዳስ አይደሉም። ግን ሌላም ወገን አለ፤
ጠብ አብራጅ ሴሎች፣ «በቃ፣ ተዉ» የሚሉ፣
ጆሯቸው የሰላ፣ ያንኑ ቃል በሹክሹክታ የሚሰሙ፣ የሚያይሉ።
እነሱ ባይኖሩ ሰውነት ራሱን በልቶ ይጨርስ ነበር።
ስለዚህ እንጮኻለን፤ ደንቆሮው ተዋጊ እንዲሰማ፣ በየስምንት ሰዓቱ፣ በደም ሥር።

ጩኸት ግን ቤት ያናጋል።
የደም ሥሩ ግድግዳ ላላ፤
ውሃው ወደ ሥጋ ሾለከ፣ በሦስት ቀን ዘጠኝ ኪሎ ሞላ።
ፊቱ ጠፋ። ዐይኑ ሁለት ስንጥቅ ሆነ።
ቀለበቱ በጣቱ ሥጋ ሰጠመ፣ ጣቱም እንደ በለስ ጠየመ፣ ገነነ።

ሜርል፣ ሚስቱ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች።
«ሠላሳ አራት ዓመት ወልቆ አያውቅም» አለች።
ትንሿን መጋዝ ሳሳያት ወደ መስኮቱ ዞረች፤
«ቁረጪው» አለች።

ያኔ ነው ክላይቭ ከትኩሳቱ ጥልቅ የተናገረው፣
እንደ ጌታ ሠራተኛውን እንደሚያዘው፦
«ከእንቡጡ በላይ! ቀጥ አድርገሽ አይደለም፣ በሰያፍ ነው እንጂ፤
ውሃ እንዳያቁር ቁስሉ ላይ። ልጄ፣ አታበላሺ።»
በሰያፍ ቆረጥኩት።
ቅጭ አለ፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ።
ሜርል ባዶ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው፣ ክዳኑን ጫን አድርጋ፤ ድምፁ ቀረ ባንድ ጆሮ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግፊቱ ሰባ ሁለት ሆነ።
ዶክተር ቬይልን ቀሰቀስኳት፤ ድምፅዋ እንቅልፍ ያዘለ፣ የረጋ፣ ያልባከነ፦
«አሥረኛውን እንለፈው።»
እና እዚያ ስልክ አጠገብ ቆሜ ገባኝ፣
ዛሬ ሌሊት «በቃ» ባዮቹ እኛ ነን፤ ከአብራጆቹ ቆጠሩኝ።

አሥረኛው ብልቃጥ ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው፤
ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው፤
ያልተጮኸ ጩኸት።
ውጭ ተራራው በረዶ ለብሷል፤ በሸለቆው የፖም ዛፎቹ ራቁት ናቸው፣
የመግረዣቸው ወር ነው፤ ዘንድሮ ማንም አልነካቸው።

ሊነጋ ሲል ክላይቭ ዐይኑን ሳይገልጥ
«ስንት ሆንን?» አለኝ፣ ከንፈሩን ለማርጠብ ሳጎነብስ፣ ቃሉን ሳደምጥ።
«ብዙ» አልኩት።
ቁጥር ይሁን ትእዛዝ፣
እኔም አላውቅ።
ከዚያ ሚዛኑን ጎትቼ አመጣሁ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ክብደቱ መጻፍ አለበት፤
አንድ ጎማው ይንሲያጠጣል፣ ስንት ጊዜ አመለከትኩ፣ ማንም ዘይት አላደረገለት።